ጂቲኤክስ 1060 ወይስ አርኤክስ 580? በአነስተኛ ወጪ ለኮምፒዩተር ጨዋታ የሚመረጡ ሁለት ነባር ግራፊክስ ካርዶች ሲነጻጸሩ

የመሥሪያ ቤት አገልግሎቱን አጠናቆ በጨረታ የተወገደ ወይም ከገበያ በቅናሽ የተገዛ ኮምፒዩተር በበርካታ ቤተሰቦች ዘንድ የመጀመሪያው የቤት ኮምፒዩተር ሆኖ ያገለግላል። ይህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለመጠቀምና ለልጆች ትምህርት አጋዥ የሆኑ ፕሮግራሞችን ለመክፈት ብዙም አይቸገርም። ይሁንና በቤቱ ያለ ወጣት ዘመናዊ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲጭንበት ምስሉ እየተቆራረጠ ያስቸግራል፤ አንዳንዴም ጨዋታው ጨርሶ አይከፈትም። በዚህን ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ "ግራፊክስ ካርድ ይገዛልኝ" የሚል ሲሆን፣ ጥያቄው የሚቀርብለት ወላጅ በአብዛኛው ስለ ዕቃው ያለው ግንዛቤ አነስተኛ ነው። ያገለገለ ዕቃ አንዴ ከተገዛ ለመመለስ አዳጋች በመሆኑም፣ በተሳሳተ ምርጫ የሚባክነው ገንዘብ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ግራፊክስ ካርድ የኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮሰሰር ብቻውን ሊወጣው የማይችለውን ምስል የመሥራት ተግባር ተረክቦ የሚያከናውን ክፍል ነው። በተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን ላይ የሚታይ አንድ ምስል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ ጨዋታው ያለ መቆራረጥ እንዲታይ ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል እንደ አዲስ መሣል ይኖርበታል። ይህም በሰከንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለምና ብርሃን ማስላት ማለት ነው። ግራፊክስ ካርዱ ይህን የሚያከናውነው ሥራውን በመቶዎችና በሺዎች ለሚቆጠሩ አነስተኛ የስሌት ክፍሎች በአንድ ጊዜ በማከፋፈል ነው።

በአነስተኛ ወጪ ይህን አገልግሎት ለማግኘት ከሚፈለጉት ያገለገሉ ካርዶች መካከል ሁለቱ በተደጋጋሚ ጎን ለጎን ይነሳሉ። አንደኛው የኤንቪዲያ ምርት የሆነው ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1060 ሲሆን ሁለተኛው የኤኤምዲ ምርት የሆነው ራዲዮን አርኤክስ 580 ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2016 በ249 ዶላር መነሻ ዋጋ፣ ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2017 ባለ 8 ጊጋባይቱ በ229 ዶላር ለገበያ ቀርበዋል። ጂቲኤክስ 1060 ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር በየወሩ በሚያካሂደው የተጠቃሚዎች መሣሪያ ቅኝት እስከ 2022 መገባደጃ ድረስ ለበርካታ ዓመታት በብዛት ጥቅም ላይ የዋለ ካርድ ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱም ካርዶች ከተሠሩ ረጅም ጊዜ ቢሆናቸውም የጨዋታ አምራቾች ዝቅተኛውን የመሣሪያ መስፈርት ሲጽፉ አሁንም አንድ ላይ ይጠቅሷቸዋል። ለአብነት ያህል ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጨዋታ በተሻሻለው መስፈርቱ በዝቅተኛነት ያስቀመጠው ባለ 6 ጊጋባይቱን ጂቲኤክስ 1060 ወይም ባለ 8 ጊጋባይቱን አርኤክስ 580 ነው።

በወረቀት ላይ ያለው አሃዝ ሲታይ አርኤክስ 580 በግልጽ የሚበልጥ ይመስላል። ጂቲኤክስ 1060 በ16 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ የተሠራ ሆኖ 1280 የስሌት ኮሮች አሉት፤ ከሜሞሪው ጋር በ192 ቢት መስመር የሚገናኝ ሲሆን በሰከንድ 192 ጊጋባይት መረጃ ያመላልሳል። አርኤክስ 580 በበኩሉ በ14 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ የተሠራ፣ 2304 ኮሮች ያሉትና በ256 ቢት መስመር በሰከንድ 256 ጊጋባይት የሚያመላልስ ነው። ይሁን እንጂ የሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮሮች አሠራራቸው ስለማይመሳሰል ቁጥራቸውን በቀጥታ ማወዳደር አሳሳች ነው። በተግባርም ሁለቱ ካርዶች ገበያ ላይ በዋሉበት ወቅት በአብዛኞቹ ጨዋታዎች የነበራቸው የፍጥነት ልዩነት እጅግ ጠባብ ነበር፤ በአንዱ ጨዋታ አንደኛው፣ በሌላው ጨዋታ ሁለተኛው ይቀድም ነበር።

ልዩነቱ የሚጎላው በጨዋታው ዕድሜ ነው። ዳይሬክትኤክስ 11 የተባለውን አሠራር የሚከተሉ ቆየት ያሉ ጨዋታዎች በአብዛኛው ለጂቲኤክስ 1060 ይስማማሉ። ምክንያቱም በዚህ አሠራር የኤኤምዲ ድራይቨር ለዋናው ፕሮሰሰር የሚያሸክመው ሥራ ከኤንቪዲያው የበለጠ በመሆኑ፣ ፕሮሰሰሩ ደካማ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ አርኤክስ 580 ሙሉ አቅሙን ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። በአንጻሩ ዳይሬክትኤክስ 12ንና ቩልካን የተባለውን አሠራር የሚከተሉ አዳዲስ ጨዋታዎች የአርኤክስ 580ን ሰፊ የስሌት አቅም የመጠቀም ዕድል ስለሚሰጡት፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይኸው ካርድ ከተፎካካሪው ቀድሞ መታየት ጀምሯል። በመሆኑም በ2017 "እኩል ናቸው" የተባለላቸው ሁለት ካርዶች ዛሬ በሁሉም ጨዋታ እኩል ናቸው ለማለት አያስደፍርም።

ለዚህ ሁለተኛው ምክንያት የሜሞሪ መጠን ነው። የካርዱ ሜሞሪ ጨዋታው የሚጠቀምባቸው ምስሎች ተደራጅተው የሚቀመጡበት ቦታ ሲሆን፣ ቦታው ሲሞላ ካርዱ የጎደለውን ከኮምፒዩተሩ ዋና ሜሞሪ እየጠየቀ ማምጣት ይገደዳል። ይህ መንገድ ቀርፋፋ በመሆኑ ተጫዋቹ በአማካይ ፍጥነት ላይ የማይታይ፣ ነገር ግን በየመሐሉ ድንገት ቀጥ የሚል ምስል ያጋጥመዋል። የ6 እና የ8 ጊጋባይት ልዩነት በ2017 ብዙም አይታይም ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በወጡ ጨዋታዎች ግን የምስል ጥራቱን በአንድ ደረጃ ከፍ ለማድረግ መቻል ወይም አለመቻልን ይወስናል።

እዚህ ላይ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱበትን ጉዳይ ማንሳት ተገቢ ይሆናል። በሁለቱም ካርዶች ስም ተመሳሳይ ያልሆኑ ዕቃዎች ይሸጣሉ። ባለ 3 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1060 ከባለ 6 ጊጋባይቱ የሚለየው በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን ኮሮቹም ወደ 1152 የተቀነሱ በመሆናቸው ነው። ኩባንያው ለሁለቱ አንድ ስም መስጠቱ ለገዢ የሚበጅ አሠራር አልነበረም። በኤኤምዲ በኩልም እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ገበያ የቀረበና 2304 ሳይሆን 2048 ኮሮች ብቻ ያሉት፣ በአቅሙ ከአርኤክስ 570 ጋር የሚመሳሰል ካርድ በአርኤክስ 580 ስም ይገኛል። ባለ 4 ጊጋባይት አርኤክስ 580ም አለ። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የሚነጻጸሩት ባለ 6 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1060 እና ባለ 8 ጊጋባይቱ፣ ባለ 2304 ኮሩ አርኤክስ 580 ብቻ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። ሻጩ "1060 ነው" ወይም "580 ነው" ማለቱ ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም።

እስካሁን በተነሱት ነጥቦች አርኤክስ 580 የተሻለ መስሎ ቢታይም፣ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ኮምፒዩተር ባለቤት ለሆነ ቤተሰብ ውሳኔውን የሚቀለብሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ጉዳይ ነው። ጂቲኤክስ 1060 በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 120 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ አርኤክስ 580 ደግሞ 185 ዋት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ መሰኪያ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት በመሆኑ ቀሪው በተለየ ገመድ ከፓወር ሰፕላይ በቀጥታ ይመጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ገመድ 150 ዋት ይሸከማል። ጂቲኤክስ 1060 በአብዛኛው ባለ 6 ፒን ገመድ የሚበቃው፣ አርኤክስ 580 ግን ባለ 8 ፒን የሚጠይቀው በዚሁ ስሌት ምክንያት ነው። አምራቾቹም ለመጀመሪያው ባለ 400 ዋት፣ ለሁለተኛው ባለ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራሉ።

ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ኮምፒዩተሮች ፓወር ሰፕላይ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚታወቀው የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ቁመታሙ ሞዴል 275 ዋት፣ አነስተኛው ሞዴል ደግሞ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይዞ የወጣ ሲሆን፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም። ይህ የአምራቹ ጉድለት አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ የታሰበው ለደብዳቤና ለሰንጠረዥ ሥራ ነውና። አንዳንድ ሻጮች ለችግሩ መፍትሔ አድርገው የሚያቀርቡት ከሃርድ ዲስክ የኃይል ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር አስማሚ ነው። ነገር ግን የሃርድ ዲስኩ ገመድ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ እንዲሸከም የተሠራው 54 ዋት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ሲጫንበት መሰኪያው ይግላል፤ ሲብስም ይቀልጣል። በቤት ውስጥ ለሰዓታት ያለ ተቆጣጣሪ በሚሠራ ዕቃ ላይ ይህን መሞከር አደገኛ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ትክክለኛው አማራጭ ሲሆን፣ ይህም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ኦፕቲፕሌክስ 7010 የተለመደውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ ስለሚጠቀም ቁመታሙን ሞዴል በሌላ ፓወር ሰፕላይ መተካት ይቻላል። ከእሱ ቀጥለው የወጡት 7020 እና 9020 ግን ለየት ያለ ባለ 8 ፒን የማዘርቦርድ መሰኪያ ስላላቸው ከገበያ የሚገዛ ማናቸውም ፓወር ሰፕላይ ያለ ተጨማሪ መለወጫ ገመድ አይገጥምባቸውም። የሌሎች አምራቾች የቢሮ ኮምፒዩተሮችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። በመሆኑም ካርዱን ከመግዛት አስቀድሞ የኮምፒዩተሩን ጎን ከፍቶ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ዋት ማንበብና የገመዶቹን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ባለሙያ መጥራት አያሻም፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው መንቀል ግን አይዘነጋም።

ፓወር ሰፕላዩን ለመቀየር አቅሙ ወይም ፍላጎቱ ለሌለው ቤተሰብ ሁለቱም ካርዶች አይሆኑም። ለዚህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተሻለ ነው። 768 ኮሮችና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ያለው በመሆኑ ከሁለቱ በግልጽ ያንሳል። ይሁንና የሚፈልገው ኃይል 75 ዋት በመሆኑ በርካታ ሞዴሎቹ ያለ ተጨማሪ ገመድ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ይሠራሉ፤ በአነስተኛው ሞዴል ውስጥ የሚገቡ አጫጭር ካርዶችም ተሠርተውለታል። ለእግር ኳስ ጨዋታዎችና ቆየት ላሉ ጨዋታዎች ይበቃል።

የኃይል ልዩነቱ በወርኃዊ የመብራት ሂሳብ ላይ የሚያሳድረው ጫና አነስተኛ ነው። 65 ዋት በቀን ለ4 ሰዓታት ቢሰላ በወር 7.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ይሆናል። ከሂሳቡ ይልቅ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። አርኤክስ 580 የሚፈጥረው ተጨማሪ ሙቀት አየር በደንብ በማይዘዋወርበት ጠባብ የኮምፒዩተር ቀፎ ውስጥ ሲከማች ካርዱ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማራገቢያውም ይጮኻል። አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ይህ ችግር ይባባሳል።

የካርዶቹ ቀሪ ዕድሜም ሊታሰብበት ይገባል። ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ለሚገኝበት ትውልድ አዳዲስ ጨዋታዎችን ታሳቢ ያደረገ ድራይቨር ማቅረቡን በኦክቶበር 2025 እንደሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ኦክቶበር 2028 በየሩብ ዓመቱ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ እንደሚሰጥ በዚያው ዓመት አስታውቋል። ኤኤምዲ በበኩሉ አርኤክስ 580ን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከዋናው የድራይቨር መስመር ለይቶ የደኅንነትና እጅግ አስፈላጊ የሆኑ ማሻሻያዎች ብቻ በሚሰጡበት መስመር ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ በዊንዶውስ ላይ ሁለቱም በጡረታ ዘመናቸው ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል። በሊኑክስ ለሚጠቀሙ ግን አርኤክስ 580 ይመረጣል፤ ድራይቨሩ በይፋ በተለቀቀ ኮድ የተሠራና ከሊኑክስ ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ ከአምራቹ ውሳኔ ውጪም እንክብካቤ ያገኛል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በማብቃቱና ብዙዎቹ ነባር የቢሮ ኮምፒዩተሮች የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ባለማሟላታቸው ይህ ነጥብ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝቷል።

ሁለቱም ካርዶች የማይሻገሩት ወሰንም አለ። የብርሃንን ጉዞ ተከትሎ ምስል የሚሠራው ሬይ ትሬሲንግ የተባለው አሠራር በሃርድዌር ደረጃ በአንዳቸውም ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታና በሜይ 2025 የወጣው አዲሱ ዱም ይህን አሠራር የግድ የሚጠይቁ በመሆናቸው ለእነዚህ ጨዋታዎች ሲባል ሁለቱንም መግዛት ትርጉም የለውም። በሌላ በኩል ምስሉን በአነስተኛ መጠን ሠርቶ የሚያጎላው ኤፍኤስአር የተባለው የኤኤምዲ ቴክኖሎጂ ከ2021 ጀምሮ በሁለቱም ካርዶች ላይ ይሠራል። የኤንቪዲያ ተመሳሳይ ቴክኖሎጂ ዲኤልኤስኤስ በራሱ በኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ላይ አይሠራም፤ የዚህ ካርድ ባለቤቶች በመጨረሻው ዘመን እርዳታ ያገኙት ከተፎካካሪው ኩባንያ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት፣ 500 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ አስተማማኝ ፓወር ሰፕላይ፣ አየር የሚያዘዋውር ቀፎና ደህና ፕሮሰሰር ላለው ኮምፒዩተር ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580 የተሻለ ምርጫ ነው። ፓወር ሰፕላዩ 400 ዋት ገደማ ለሆነ፣ ቀፎው ጠባብ ወይም ፕሮሰሰሩ ያረጀ ለሆነ ኮምፒዩተር ደግሞ ባለ 6 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1060 ይመረጣል። በሁለቱ መካከል የዋጋ ልዩነት ካለም ከፍጥነታቸው ይልቅ የካርዱ ይዞታ ሊመዘን ይገባዋል።

ይዞታው የሚመዘንበት ምክንያት ብዙዎቹ ካርዶች ያለፉበት ታሪክ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርዶች ስሌት ይመነጭ በነበረበት ወቅት አርኤክስ 580 በዚህ ሥራ ላይ በስፋት ተሰማርቶ ነበር። ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ሲቀይር ለዓመታት ሌትና ቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች በብዛት ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ገቡ። በዚህ ሥራ ላይ የነበረ ካርድ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ማራገቢያዎቹ ግን ያለቁ፣ በቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም የደረቀ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ የሜሞሪውን ፍጥነት ለመጨመር ሲባል በካርዱ ላይ ያለው ባዮስ የተቀየረባቸው በመሆናቸው በጨዋታ ጊዜ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም ይጨልማል። ይህ የሚስተካከለው የካርዱ የመጀመሪያ ባዮስ ሲመለስለት ነው።

ጂቲኤክስ 1060 በበኩሉ የሚያሰጋው በማጭበርበር ነው። እጅግ ያረጁ የኤንቪዲያ ካርዶች ባዮሳቸው ተቀይሮ በዚህ ስም ሲሸጡ ተገኝተዋል። ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ያለው "1060" ከቀረበ መጠራጠር ተገቢ ነው፤ የዚህ ትውልድ ቺፖች የቪጂኤ ምስል በቀጥታ አያወጡምና። አርኤክስ 580ም እንዲሁ። በዚሁ ምክንያት የቪጂኤ መሰኪያ ብቻ ያለው ነባር ሞኒተር ያለው ቤተሰብ ከኤችዲኤምአይ ወይም ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ንቁ መለወጫ መግዛት እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ካርዱ በሚገዛበት ቦታ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ እንዲታይ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሲከፈት የኮሮቹን ቁጥር፣ የሜሞሪውን መጠንና የመስመሩን ስፋት ያሳያል፤ ለጂቲኤክስ 1060 1280፣ 6 ጊጋባይትና 192 ቢት፣ ለአርኤክስ 580 ደግሞ 2304፣ 8 ጊጋባይትና 256 ቢት መነበብ አለባቸው። ከዚያም ከባድ ጨዋታ ወይም የመፈተሻ ፕሮግራም ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እንዲሠራ ተደርጎ ሙቀቱን፣ የማራገቢያውን ድምፅና ስክሪኑ ላይ ያልተለመደ ነጥብ ወይም መስመር መታየት አለመታየቱን መከታተል ይገባል። ለዚህ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ጋር ያለን ካርድ ትቶ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ይሻላል።